ዘበኛ ያቆምሁበት ቀዳዳ

ቁጡ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ የሚከተለው ሁሉ ከዚሁ ጠባዬ የመጣ ነው። ሐይቅ ከተማ የእኛ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት እኔን መጥራት ሳይሆን ከእኔ መደበቅ ነው። "መጥቶ ይጮህብናል፣ እስቲ ራሱ ይነሣ ይሆናል" እያሉ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። አንዲት የጽሕፈት ክፍል ባልደረባዬ፣ "እናንተ አምባሰሎች፣ ዜማችሁ እንዲያ አንጀት ይበላል፣ ይኼን ጠባይ ከየት አመጣችሁት?" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ቁጣዬን ከሙያዬ ለይቼ አላየውም፤ ሰው ሲፈራኝ ሥራዬን ያከበረ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ኔትወርክ መጠበቅ ነው። ሐይቅ አንድ መሥሪያ ቤት አለኝ፣ አምባሰል ሌላ፤ ለሁለቱም ያለሁት እኔው ነኝ፣ ሳምንቱን ከፍዬ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ሐይቅ መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ከዶሴ መደርደሪያው ጎን፣ ስዊች የምንለው ግራጫ ሳጥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። ከየቢሮው የሚመጣው የኔትወርክ ገመድ ሁሉ እዚያ ይሰካል፤ ሳጥኑ ከአንዱ የሰማውን ለሌላው ያደርሳል። ከየቀዳዳው በላይ ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ደህና ነው። ብርቱካናማ ከሆነች ቀዳዳው ተዘግቷል፤ ገመዱ እንደተሰካ ነው፣ ኮምፒውተሩም በርቷል፣ ግን ማንም ማንንም አይሰማም።

ይግባኝ የሚሰሙት ዳኞች ያሉት ሩቅ ከተማ ነው። ድሮ ባለጉዳዩ ስንቁን ቋጥሮ፣ እዚያ አልጋ ተከራይቶ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ይከርም ነበር። አሁን ግን አንዲት ክፍል ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ከነካሜራው ተተክሏል፤ ሰዉ ፕላዝማ ይለዋል። ባለጉዳዩ እዚህ ሐይቅ ተቀምጦ ዳኞቹን ፊት ለፊት ያያቸዋል፣ እነሱም ያዩታል። በሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ነገር ቢኖር ያች ክፍል ነበረች።

ከአርዲቦ በኩል የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። መጀመሪያ ያየኋቸው ከክፍሏ በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ባላቸው ሞተውባቸዋል። ዋርሳቸው፣ የባላቸው ወንድም ማለቴ ነው፣ "መሬቱ የወንድሜ ነው፤ እሷ ፈትታው የሄደች ሴት ናት" ብሎ ምስክር አቁሞ አስፈረደባቸው። መሬቷ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለች፣ ሽንኩርት እያጠጡ የሚኖሩባት፣ ጎጇቸውም የቆመባት ናት። ሌላ የላቸውም። ይግባኙ ካልተሳካ ከነጓዛቸው ይወጣሉ። ማን ዘንድ እንደሚጠጉም አያውቁም ነበር፤ ልጅ አልወለዱም።

"ልጄ፣ ይኼ መስኮት እውነት ያሰማል?" አሉኝ ቴሌቪዥኑን እያሳዩኝ።

"ያሰማል እናቴ። እዚህ የተናገሩት እዚያ ይደርሳል።"

"ወላሂ በል።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ እናቴ።"

"ታዲያ ያንተ አምላክ አይሰማም? በሚቀናህ ማል።"

"በግሸን ማርያም፣ ያሰማል።"

"በቃ፣ አመንሁህ" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋና፣ "በታችኛው ችሎት ጠበቃው ተናገረ፣ ዋርሳዬ ተናገረ፣ ምስክሩ ተናገረ። እኔ አፌን ስከፍት 'ዝም በይ፣ ስትጠየቂ' አሉኝ። ሳልጠየቅ አለቀ። እዚህ እንኳ አንድ ጊዜ ከአፌ ይስሙኝ። ከሰሙኝ በኋላ የፈረዱትን ይፍረዱ፣ ቅር አይለኝም" አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ እሰማለሁ። የዚያን ቀን ግን አንጀቴን በሉት።

እንዲህ ሲሉኝ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከጎናችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው፣ የዶሴውን ቁጥር ሳያዩ ከጀርባው መልክ የሚለዩ ሰው ናቸው። ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችሉም፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ደግሞ የማያለቅስ የለም፣ እንዴት እንደሚኖሩ እንጃ። ያን ሰሞን መስመሩ እየተጎተተ ነበርና ዳኞቹ ሲናገሩ ቃላቸው ይቆራረጣል። ጋሼ በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ለብቻቸው ወደ ክፍሏ ገቡ። ግድግዳው ላይ ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ አለ፣ አንዱ በበሩ በኩል፣ አንዱ በመስኮቱ ሥር፤ ሁለቱም የሚሄዱት ወደዚያው ግራጫ ሳጥን ነው። ትርፍ ገመድ ፈልገው አንዱን ጫፍ በአንዱ፣ ሌላውን ጫፍ በሌላው ሰክተው ሁለቱን አጋጠሟቸው። ጉልበታቸው የሚደመር መስሏቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላስረዳ። አንድ ኮምፒውተር "ማን አለ?" ብሎ ይጣራል፤ ሳጥኑ ጥሪውን በሁሉም ቀዳዳ ይልካል። ጥሪው በአንዱ መሰኪያ ወጥቶ፣ በጋሼ ገመድ ዞሮ፣ በሌላው ተመልሶ ይገባል፤ ሳጥኑም አዲስ ጥሪ መስሎት እንደገና ይልከዋል። የገደል ማሚቶ እንኳ እያደር ይደክማል፣ ይኼ ግን አይደክምም፣ ይብስበታል። በአንዲት ደቂቃ ሃያ አራቱም መብራት እንደ እብድ ተርገበገበ፣ ፍርድ ቤቱም ቀጥ አለ። ፕላዝማው አልተነሣም፤ የእናቲቱ ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ከአርዲቦ ገና ሳይነጋ ተነሥተው የመጡ ሴት መቀነታቸውን አጥብቀው ተመለሱ።

ገመዱን ሳገኘው ደሜ ፈላ። "ማን ነው ይኼን ያደረገ?" ብዬ ጮህሁ፤ ባለጉዳይ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ..."

ዛሬ ሳስበው ያስቀኛልም ያስለቅሰኛልም። ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። "አንተ ሽማግሌ፣ ድር ማድራት ካማረህ ቤትህ ሄደህ አድራ! ሴትዮዋን ገደልሃት!" አልኋቸው። አንተ አልኋቸው፣ በሰው ፊት፣ አባቴን በሚያክሉ ሰው። ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። የጽሕፈት ክፍሏ ልጅ "ኧረ ተው በማርያም" ብትለኝ ለእርሷም ደረብሁላት። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ እኔ ስገባ ይነሣሉ፤ ያሳዝን ነበር፣ እኔ ግን ክብር መሰለኝ።

ለጋሼ ያልነገርኋቸው አንድ ነገር አለ። ያን መሰሉን ጥፋት የሚከላከል ሥርዓት ሳጥኑ ውስጥ ከመጀመሪያውም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሥርዓቱ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል፤ ትሪ ማለት ዛፍ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ ተመልሶ ግንዱ ውስጥ አይገባም፤ ኔትወርኩም እንዲያ እንዲሆን፣ ሳጥኑ ሁለት መንገድ ሲያገኝ አንዱን ራሱ ይዘጋል። ይህን ለማወቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አዲስ ገመድ ሲሰካ ቀዳዳው ወዲያው አይናገርም፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዳምጣል፣ በዚህ በኩል ሌላ ሳጥን አለ ወይ፣ ዙር አለ ወይ እያለ። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ሲበሩ "ኔትወርክ የለም" ይላሉ፣ ሠራተኛው "ተበላሸ፣ ተበላሸ" ይለኛል። ሰለቸኝና ጨርሶ አጠፋሁት። ለግማሽ ደቂቃ ትዕግሥት አጥቼ ነው እንግዲህ። ሲገላለጥ ጥፋቱ ከጋሼ ይልቅ የእኔ ነበር፤ እርሱን ግን ዋጥሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ሳጥኑ ፊት ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁና እያንዳንዱን ቀዳዳ በየተራው አስተካከልሁ። የዛፉን ሥርዓት መልሼ አበራሁ። የቢሮ ኮምፒውተር ብቻ የሚሰካባቸውን ቀዳዳዎች ግን "ፈጣን" አደረግኋቸው፣ ሳያዳምጡ ወዲያው እንዲናገሩ። ፈጣን ያደረጉት ቀዳዳ አደጋ አለውና በእያንዳንዱ ላይ ዘበኛ አቆምሁ። ዘበኛ የምለው ትእዛዝ ነው፤ በዚያ ቀዳዳ በኩል የሌላ ስዊች ድምፅ ከሰማ፣ አንድ ሰው የማይገባ ነገር ሰክቷል ብሎ ቀዳዳውን ጥርቅም ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ሳጥኑ አንድ ምርጫ ይሰጣል። ዘበኛው የዘጋውን ቀዳዳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ መልሶ እንዲከፍት ማዘዝ ይቻላል፤ ወይም ደግሞ ባለሙያ መጥቶ እስኪከፍተው እንደተዘጋ እንዲቆይ። የሠለጠነ ሰው ሩቅ በሚሆንበት ቦታ የመጀመሪያው ይሻላል፣ ይህን አውቃለሁ። እኔ ግን ሁለተኛውን መረጥሁ። ለምን ቢሉ፣ ማን እንደነካ ለማወቅ ነዋ! መጥተው ይለምኑኝ፣ ያን ጊዜ እጅ ከፍንጅ እይዛቸዋለሁ አልሁ። ክፋት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ለፕላዝማዋ ክፍል ካሜራውም የጸሐፊዋ ኮምፒውተርም ባንድ ላይ መገናኘት ስላለባቸው፣ ከአምባሰል ቢሮ ትንሽ ስዊች አምጥቼ በበሩ በኩል ባለው መሰኪያ ሰካሁ። ያን መሰኪያ ያለ ዘበኛ ተውሁት፣ ሌላ ስዊች ስላለበት። በመስኮቱ ሥር ያለው ግን እንደማንኛውም የቢሮ ቀዳዳ ዘበኛ ቆሞበታል። ሁለቱን ብታዩአቸው ፍጹም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ምልክት አልጻፍሁባቸውም፣ ለማንም አልነገርሁም። እነሱ ምን ይገባቸዋል? አልሁ። ይልቅ ወረቀት ላይ "ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳይነካ!!!" ብዬ በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍሁ።

የእናቲቱ ቀጠሮ ጥር ላይ ደረሰ። ከዋዜማው ሁሉንም ሞከርሁ፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ምስሉም እንዲሁ። በማግስቱ ጠዋት አምባሰል ቢሮ አይጥ ገመድ በልቶባቸው ነበርና ልቤን ጥዬ ሄድሁ። ወደ ግሸን የሚወጡ የተሳላሚ አውቶቡሶች መንገዱን ሞልተውት ነበር። መሰላል ላይ ወጥቼ ጣራ ሥር ገመድ ስጎትት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

"ፕላዝማው ደረቀ" አሉኝ።

"ማን ነካው?"

"እንጃ፣ ደርቋል" አሉ።

"ማን ነካው እያልሁ እኮ ነው!"

"ማንም... ማንም ምንም አልነካም።"

"ማንም ካልነካው የኛ አይደለም፣ ከላይ ነው፣ መስመሩ ነው። ጠብቁ፣ ይመለሳል። እኔ እዚህ መሰላል ላይ ነኝ፣ አታድርቁኝ።" ስልኩን ዘጋሁት። አንዲት ጥያቄ ብጨምር፣ ሌሎቹ ቢሮዎች ይሠራሉ ወይ ብል፣ "ይሠራሉ" ይሉኝ ነበር፣ ነገሩም ወዲያው ይገለጥልኝ ነበር። አልጨመርሁም። ወደ አይጤ ተመለስሁ።

ሐይቅ የደረስሁት ከሰዓት ነው። ክፍሏን ስከፍት ጠረጴዛው ከነካሜራው በመስኮቱ በኩል ዞሯል። መዝገብ ቤት ሮጬ ሳጥኑን ባየው የመስኮቱ ቀዳዳ ብርቱካናማ ናት። ሳጥኑ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ ከፍቼ አነበብሁት። የሌላ ስዊች ድምፅ ሰማሁ፣ ቀዳዳውን ዘጋሁ ይላል። እኔ ያስተማርሁትን አንድም ሳያጎድል ፈጽሟል። ጋሼ ቆባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበራቸው ላይ ኩርምት ብለዋል።

"ለምን ዋሹኝ ጋሼ?" አልሁ። የሚገርመው አልጮህሁም።

"ፈርቼህ ነው" አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ። ጠዋት ከእናቲቱ በፊት የሌላ ሰው ጉዳይ ተሰምቶ ነበር፣ በደህና። ሲያበቃ አንዱ ዳኛ፣ "በስተኋላ ብርሃን ስላለ የሰው ፊት አይታየንም፤ የሚቀጥለውን ሰው ወደ ብርሃኑ አዙራችሁ አስቀምጡልን" አሉ። ጋሼና የጽሕፈት ክፍሏ ልጅ ጠረጴዛውን ተሸክመው አዞሩት፣ የእናቲቱ ፊት በደንብ እንዲታይ። የትንሿ ስዊች ገመድ አጠረባቸው፤ ከበሩ ነቀሉና በመስኮቱ ሥር ሰኩት። መሰኪያ መሰኪያ ነው፣ ምን ይወቁ? በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ላይ ሦስቱ ዳኞች እንደተቀመጡ ደርቀው ቀሩ። ዕቃችን አሮጌ ነው፤ መስመር ሲቋረጥ የመጨረሻውን ምስል ይዞ ይቆያል። ጋሼ ፈሩ። ትንሿን ስዊች አውልቀው ካሜራውን ብቻ በቀጥታ ሰኩት፤ ይህ ትክክል ነበር፣ ቀዳዳው ራሱ እንዲከፈት ባዝዘው ኖሮ ይሠራላቸው ነበር። ሰው ካልከፈተው እንዳይከፈት ያዘዝሁት እኔ ነኝ። እናቲቱን አስገብተው ካስቀመጧቸው በኋላ ልጅቷ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች፣ ጋሼም ለእኔ ሊደውሉ ወደ ውጭ ወጡ። እኔ ደግሞ ጠብቁ አልኋቸው።

ከላይ ሦስት ጊዜ ተጣሩ፤ ከሐይቅ መልስ የለም። "ይግባኝ ባይ ሦስት ጊዜ ተጠርተው ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘግቷል" ተብሎ ተጻፈ። አልቀረቡም! ክፍሏ ውስጥ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠው ሳለ።

"ምን አሏቸው?" አልሁ።

"ምን ልበላቸው? ከላይ ተደውሎ ሲነገረኝ፣ 'እናቴ፣ መዝገቡ ተዘግቷል' አልኋቸው። 'እሺ' ብለው ሄዱ።"

"እሺ ብቻ?"

"እሺ ብቻ።"

እስከዚህ ያለውን ጥፋቴን እንደ ስሕተት ልቁጠረው። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ስሕተት አይደለም። ኃላፊያችን አስጠራችኝ። "ያልቀረቡት በበቂ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ መዝገቡ መልሶ ይከፈታል፤ ግን ባንድ ወር ውስጥ ነው። የሆነውን ጽፈህ አምጣልኝ፣ ሴትዮዋን አስጠርቼ አመልክቱ እላቸዋለሁ" አለችኝ። ጻፍሁ። "በመስመር ችግር ምክንያት" ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ መለሰችልኝ። "የማን መስመር? ሌሎቹ ቢሮዎች ሲሠሩ ውለዋል። ይኼን ይዘን ብንሄድ ያባርሩናል። እውነተኛውን ጻፍ" አለች።

እውነተኛው አንድ አረፍተ ነገር ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ይኸው ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁት። ጋሼ አንድ ቀን መጥተው፣ "ጠረጴዛውን ማዞሬን ግን አትጻፍብኝ፣ ለጡረታ ምን ቀረኝ" አሉኝ፤ እኔም ይህን ሰበብ አገኘሁና ደስ አለኝ። ለጋሼ ብዬ ነው አልሁ። ነገ እጽፋለሁ አልሁ። አምባሰል ሥራ በዛ አልሁ። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች፤ የተተካው ሰው ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ወሩ አለቀ። ሰው ላይ እንደ ነብር የምጮህ ሰው፣ አንድ መስመር መጻፍ ፈርቼ ወሩ አለቀ። አፈር በበላሁ ይሻለኝ ነበር።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ቅዳሜ ወደ አርዲቦ ሄድሁ። በባጃጅ እስከሚቻለው ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወረድሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ በሉኝ፣ እላቸዋለሁ። በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም አፉ በሉኝ ሲባል ዝም አይልም፤ ይቅር ባይሉኝም ቢሰድቡኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር።

የሽንኩርቱ መደብ ዳር ቁጭ ብለው እየለቀሙ አገኘኋቸው። ዋርሳቸው እስከ አዝመራው ድረስ ጊዜ ሰጥቷቸዋል፤ ይህ የመጨረሻው ለቀማ ነው። ከጎጆው ደጃፍ ሁለት የታሰረ ጓዝ ይታያል።

"ዋ! የመስኮቱ ልጅ!" ብለው ተነሡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሳሙኝ። ውሃ አመጡልኝ፣ ጥላ ፈልገው አስቀመጡኝ።

"እናቴ፣ የመጣሁት... ስለ መዝገቡ ነው" አልሁ።

"አብሽር ልጄ፣ አብሽር። አትዘን" አሉኝ፤ እኔን ያጽናናሉ እኮ! "ፈረዱብኝ፣ ይሁን። መሬት የአላህ ነው። እኔ እንኳ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ሽማግሌው እንዳስቀመጡኝ ወጡ። ቀና ብል ሦስቱም ዳኞች ያዩኛል። አንድም ቃል አይናገሩም። ተራዬ ነው ብዬ ብድግ አልሁ። ከባሌ ጋር እንዴት እንደተጋባን፣ መሬቷን ከድንጋይ እንዴት እንዳወጣናት፣ ሲታመም እንዴት እንዳስታመምሁት፣ ሁሉን ከሥሩ ነገርኋቸው። አለቀስሁም። አንድስ እንኳ ዝም በይ ቢለኝ! መነጽር ያደረገው ወላሂ ዓይኑን ሳይሰብር ነው የሰማኝ። እንዲያ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

"ሰምተውኛል አይደል?" አሉኝ። "አንተ ታውቃለህ። ሁሉንም ሰምተዋል?"

መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። የማይንቀሳቀስ ሥዕል ነበር እናቴ፣ ማንም አልነበረም፣ ልበላቸው? ጎጇቸው ሄደ፣ መሬቷ ሄደች፤ በእጃቸው የቀረችው ያች አንዲት ነገር ናት። እሷን ደግሞ እኔ ልውሰድባቸው? አዝኜላቸው ይሁን፣ አሁንም ለራሴ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

"ሰምተዋል እናቴ" አልሁ። "ሁሉንም ሰምተዋል።"

ፊታቸው በራ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና መረቁኝ። "አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ስትጣራ የሚሰማህ አትጣ። የድሀን ቃል እንዳደረስህ፣ ያንተንም ቃል ያድርስልህ። በል፣ አሚን በል" አሉኝ።

አሜን አልሁ።